አደራው የማን ነው?

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ወቅት ልጆችን በቤት ስለ ማስተማር



በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በየቤታቸው ቀሩ። የትምህርት ቤት በሮች በየደረጃው እንደገና መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ሰባት ወር ለሚያህል ጊዜ የሀገሪቱ ትምህርት ቤት የእያንዳንዱ ሰው ቤት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚያ ወቅት ብዙ ተነግሯል። ስለ በሽታው፣ ስለ ሞቱት ወገኖቻችን፣ ስለ ሥራ መታጣትና ስለ ኑሮ መክበድ ተጽፏል። በቤት ውስጥ ስለ ተሰጠው ትምህርት ግን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ በሚገባ ሳይመረመር እንደ ታለፈ እናምናለን። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ትምህርት ቤት ልጆችን ለወላጆች በመለሰ ጊዜ፣ ወላጆችም ለማስተማር ጊዜ ወይም አቅም ባጡ ጊዜ፣ አደራውን በእርግጥ የተሸከመው ማን ነበር? ጥያቄው ያለፈውን ለመውቀስ የሚነሣ አይደለም። ዛሬም ልጆቻቸውን በቤት ለማስተማር የሚያስቡ፣ ወይም ትምህርት ቤት ከላኩ በኋላ ነገሩን ፈጽመው የተዉ ወላጆች ስላሉ፣ መልሱ ሁላችንንም ይመለከታል።

ምሳሌ የሚሆን አንድ ቤት

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የምንገልጸው ቤተሰብ ለምሳሌነት የታሰበ እንጂ በስም የሚታወቅ አይደለም፤ ነገር ግን ኮልፌን የሚያውቅ አንባቢ እንዲህ ያለውን ቤት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቤቱ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ብዙ አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ አለው። የውኃ ቧንቧው የጋራ ነው። አባት የታክሲ ሾፌር ነው፤ እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። አያትየዋ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ታላቅ እህት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድሟና ገና ሁለተኛ ክፍል ያለ ታናሽ።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ እንደ ዕረፍት ተቆጠረ። ኋላ ግን ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ቤተሰቡ ልጆቹን በቤት ለማስተማር ወሰነ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ መምህራንም መልመጃዎችን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። በዚህ ቤት ግን ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአባት ጋር ሥራ ይውላል። ስለዚህ አባት ማታ ሲገባ ታላቂቱ ልጅ ስልኩን ተቀብላ የሦስቱንም ክፍል መልመጃ በደብተር ትገለብጣለች። በማግሥቱ ጠዋት አምስተኛ ክፍል ያለውን ሒሳብ፣ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ንባብ ታስተምራለች። አያት ከትንሹ ልጅ ጋር ተቀምጠው ፊደል ያስቆጥራሉ። እናት ምጣድ ላይ ናት፤ ደንበኛ ይጠብቃታል። እኩለ ቀን ላይ ታላቂቱ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች። የራሷን መጽሐፍ የምትከፍተው ሌሎቹ ሲተኙ ነው።

ከወራት በኋላ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ሁለቱ ወንድሞች ክፍላቸውን አለፉ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን ፈተና መቀመጥ ነበረባት። እንግዲህ ልብ እንበል፦ የተማሩት ሳይፈተኑ አለፉ፤ ያስተማረችው ግን ፈተና ይጠብቃት ነበር።

ልጅ የማን ነው?

ይህ ቤት ያደረገው ነገር ትክክል ነበርን? ለመመለስ አስቀድሞ ልጅ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ባሰበው ፍጹም ከተማ የጠባቂዎቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ለይተው ሳያውቁ በጋራ እንዲያድጉ ፈልጎ ነበር። ደቀ መዝሙሩ አሪስቶትል ግን ይህን ተቃወመ፤ ምክንያቱም ለብዙ ሰው የጋራ የሆነ ነገር የሚያገኘው እንክብካቤ ከሁሉ ያነሰ ነው ሲል ተከራከረ። ሁሉም «ልጄ» የሚለውን ልጅ ማንም አይጠብቀውም ማለቱ ነው። ይሁንና ይኸው አሪስቶትል በዚያው መጽሐፉ ሌላ ስፍራ፣ ትምህርት ለእያንዳንዱ ቤት ብቻ የሚተው ሳይሆን የከተማው ሁሉ የጋራ ጉዳይ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ተጉዘዋል።

በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አንድ የሚያምር ምሳሌ ሰጠ። ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ከወጣ በኋላ፣ በራሱ ማሰብ እስኪችል ድረስ፣ በወላጆቹ እንክብካቤ ውስጥ እንደ መንፈሳዊ ማኅፀን ባለ ስፍራ ይኖራል። በዚህም ምክንያት ልጅን ከወላጆቹ ፈቃድ ውጭ መውሰድ ፍትሕን መጣስ ይሆናል። ይሁን እንጂ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው እንመልከተው፤ ማኅፀን ልጁን የሚይዘው ሊያስቀረው ሳይሆን ሊያወጣው ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። በዚያው ስፍራ ግን ቤተሰብ ይህን ተግባር ለመፈጸም የመላው ኅብረተሰብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይገልጻል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ይህ የወላጆች ኃላፊነት ጨርሶ ለሌላ ሊተላለፍ ወይም በሌላ ሊነጠቅ እንደማይችል አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ26ኛው አንቀጹ ለልጆች የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቅድሚያ መብት የወላጆች መሆኑን ይናገራል።

መንግሥታት ግን በዚህ ላይ አንድ ዓይነት መንገድ አልያዙም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ልጆች ሁሉ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲሄዱ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ሳለ፣ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድሩ የነበሩ ካቶሊካውያን ደናግል ጉዳዩን ለፍርድ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1925 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጅ የመንግሥት ፍጡር ብቻ አለመሆኑን ገልጾ ፈረደላቸው። በአንጻሩ ጀርመን ልጆችን በትምህርት ቤት ፈንታ በቤት ማስተማርን ትከለክላለች፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያች ሀገር በቀረበለት አንድ ጉዳይ የመንግሥቱን ውሳኔ አልሻረም። አንዱ ፍርድ ቤት ወላጅን ጠበቀ፤ ሌላው ልጁ ከሌሎች ጋር የመኖር ዕድል እንዲያገኝ ማሰብም የመንግሥት ድርሻ መሆኑን ተቀበለ።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሁሉ ክርክር ማስታረቂያ የሚሆን አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አደራ» ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የያዘው ነገር የራሱ አይደለም፤ ነገር ግን ከማንም በላይ የሚጠየቅበት እርሱ ነው። ልጅ ለወላጅ የተሰጠው በአደራ ነው። ወላጅ ደግሞ ከአደራው ጥቂቱን ለመምህር ያካፍላል። ነገር ግን አደራ የሰጠ ሰው «ሰጥቻለሁ» ብሎ አይተኛም፤ እየሄደ ይጠይቃል። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ከዚህ የምንማረው አደራን መካፈል እንደሚቻል፣ ጥሎ መሄድ ግን እንደማይቻል ነው።

ቤት የሰጠውና ያልሰጠው

ከወረርሽኙ በፊት ብዙዎቻችን አደራውን ጥለን ሄደን ነበር ማለት ይቻላል። ልጁን በር ላይ አድርሶ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ካርድ ከማየት ያለፈ የማይጠይቅ ወላጅ ብዙ ነበር። የተዘጉት ወራት ለእንዲህ ዓይነቱ ወላጅ ልጁን መለሱለት። ልጁ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ማንበብ የሚችል እየመሰለ በቃሉ የሚደግመው የቱን እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ አባት አለ። በቤት ውስጥ መማር ከትምህርት ገበታ የማይገኝ በረከት እንዳለውም ታይቷል፤ ከአያት ጋር ፊደል መቁጠር፣ በእናት ገበያ ላይ መደመርና መቀነስ፣ በጋራ መጸለይ። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ ከመምህራኑ አስቀድሞ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ማንሣቱን እናስታውስ።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ የሚበልጥ ነገር ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀውም በዚያው ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በስፋት ተጀምሮ ነበር፤ የክፍሉ በር ሲዘጋ ለብዙ ልጆች የምሳ ገበታቸውም አብሮ ተዘጋ። በገጠር ደግሞ ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ከለላ ነበር፤ በተዘጋ ጊዜ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚያሰጋቸው ልጆች ያ ከለላ ጎደለባቸው።

በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲልያኑስ ልጅ በቤት ይማር ወይስ በትምህርት ቤት የሚለውን ጥያቄ በሰፊው መርምሯል። የመረጠውም ትምህርት ቤትን ነው። ብቻውን የሚማር ልጅ ራሱን የሚመዝንበት ሌላ ሰው ስለማያገኝ ወይ በራሱ ይታበያል ወይ ሰው ፊት መቆም ያፍራል፤ ባልንጀሮች ያሉት ግን በእነርሱ ስኬትም በእነርሱ ስሕተትም ይማራል የሚል ነበር አሳቡ። ይህ አሳብ ለኮልፌ እጅግ ይስማማል። በኮልፌ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ጉራጌና ስልጤ፣ አማራና ኦሮሞ፣ ዶርዜም በአንድ መንደር ይኖራሉ። ልጆቻቸው ግን በየቤታቸው ከቀሩ ተዋውቀው የሚያድጉበት አንዱ ዋና ስፍራ ይጠፋል።

በቤት የቀረበው መምህር ማን ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። «ቤተሰቡ ልጆቹን በቤት አስተማረ» ስንል «ቤተሰብ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ይሸፍናል። ያስተማረው አባት አልነበረም፤ እናትም አልነበረችም። አያት የሚችሉትን አድርገዋል። የትምህርቱ ሸክም የወደቀው በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት አደራውን ለወላጅ መለሰ፤ ወላጅ ደግሞ ሳያውቀው ለታላቂቱ ልጅ አስረከበ። እርሷ ግን ራሷ አደራ ነበረች። አደራ ለሆነ ሰው አደራ ማሸከም ይገባልን?

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ታላቅ ለታናሽ መድከሙ የባህላችን መልካም ክፍል ነው፤ ኃላፊነትን የሚያስተምር፣ ፍቅርን የሚያጠነክር ነው። ማስተማርም ራሱ መማር ነው። ደግሞስ ወላጆቹ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? አባት ታክሲውን ቢያቆም፣ እናት ምጣዱን ብታወርድ ቤቱ ይራብ ነበር።

ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ለይተን እንድናይ ይጠይቀናል። አንደኛ፣ ማገዝና መተካት አንድ አይደሉም። ታላቅ እህት ከራሷ ትምህርት በተረፈ ጊዜ ታናሾቿን ስትረዳ ታግዛለች፤ እርሷም ታድጋለች። የራሷን ትምህርት ትታ የመምህሩንም የእናቲቱንም ቦታ ስትይዝ ግን ተክታለች፤ ያን ጊዜ የምትሰጠው ከትርፏ ሳይሆን ከድርሻዋ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ሸክሙ በእርሷ ላይ የወደቀው ስለምትችል ነው ወይስ ሴት ልጅ ስለሆነች? አምስተኛ ክፍል ያለው ወንድሟ ውኃ ይቀዳ፣ ዕቃ ያጥብ ነበርን? ብዙ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ዝምታ ነው።

ሁለተኛ፣ ችግር ወቀሳን ያነሣል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም። እሳት ሲነሣ የጎረቤትን ውኃ ሳያስፈቅድ የወሰደ ሰው ሌባ አይባልም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንስራውን ሞልቶ መመለስ ግን ይገባዋል። እንደዚሁም ወላጆቹ በዚያ ጭንቅ ጊዜ ልጃቸው ላይ መደገፋቸው ኃጢአት ሆኖ ባይቆጠርም፣ ከእርሷ የወሰዱት ጊዜ የተበደሩት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዕዳው ይጠየቃል። ይኸውም ፈተናው እስኪደርስ ድረስ የቤቱን ሥራ ከእርሷ ላይ ማንሣት፣ ለወንድሞቿ ማከፋፈል፣ ስልኩን አስቀድሞ ለእርሷ መስጠት፣ አቅም ካለም የሚያስጠናት ሰው መፈለግ ነው። ይህን ያደረገ ቤት በዚያ ወቅት የሠራው ሁሉ መልካም ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ሳያደርግ «ልጆቻችንን በቤት አስተምረን አሳለፍን» ብሎ የሚደሰት ቤት ግን ያለፉት ሁለት መሆናቸውን፣ ዋጋውን የከፈለችው ሦስተኛይቱ መሆኗን አልቆጠረም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች፣ ሳያቋርጡና ሳይደግሙ ከቀጠሉ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሀገር አቀፍ ፈተና የወሰዱት በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ከ674 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት ነበረ፣ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጧል፣ የትምህርቱ ጥራት ቀድሞም ያሳስብ ነበር። ሁሉን ወደ ወረርሽኙ መመለስ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ለዚህ ትውልድ የጎደለው እንዲሁ በራሱ እንዳልሞላ ቁጥሩ ያሳያል። የዓለም ባንክ ከሌሎች ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባቀረበው ግምት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች አንድን ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ የአሥር ዓመት ልጆች ከወረርሽኙ በፊት 57 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ 70 በመቶ ደርሰዋል።

ከአጥር ወዲያ ያለው ልጅ

በምሳሌያችን ግቢ ውስጥ ሌሎችም ቤቶች አሉ። በአንዱ ቤት ማንም ማንበብ የሚችል አዋቂ የለም። በሌላው ደግሞ ደመወዙን እያገኘ በቤቱ የተቀመጠ፣ ሁለት ስልክና ቴሌቪዥን ያለው የቢሮ ሠራተኛ ይኖራል፤ ልጁንም በሥርዓት ያስተምራል። ይህ አባት ለልጁ የሚገባውን አድርጓል። ጥያቄው ግን የወላጅ ግዴታ በአጥሩ ያበቃል ወይ ነው።

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ በአንድነት መሰባሰብን ከልክሎ ስለ ነበር፣ የግቢውን ልጆች ሁሉ ሰብስቦ ማስተማር አይቻልም ነበር፤ ሕጉም የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣ በመሆኑ መከበር ነበረበት። ነገር ግን ራዲዮኑን በመስኮት ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ መልመጃውን አንድ ቅጂ ጨምሮ ጽፎ ለጎረቤት ልጅ መስጠት፣ ሲመለስም አርሞ መላክ አልተከለከለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ያ አባት በቀን ግማሽ ሰዓት ለጎረቤቱ ልጆች ቢሰጥ፣ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ያረፈው ሸክም ይቀል ነበር።

እኛ ብዙ ጊዜ ምጽዋትን በገንዘብና በእህል እንቆጥረዋለን። ላላወቀ ማስተማርን ቤተ ክርስቲያን ከመንፈሳዊ የምሕረት ሥራዎች መካከል እንደምትቆጥረው ካቴኪስቶች ያውቃሉ። በተዘጉት ወራት ይህ የምሕረት ሥራ ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ለመፈጸም የሚያስፈልገውም ሀብት ሳይሆን አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነበር።

በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ

ወረርሽኙ በሌሎች ሀገሮች ብዙ ቤተሰቦችን በቤት ወደ ማስተማር መርቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ትምህርት ቤት የሚደርሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች 5.4 በመቶ ልጆቻቸውን በቤት ያስተምሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጸው ይህ ቁጥር ወደ 11.1 በመቶ ከፍ አለ፤ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ደረሰ። በእኛም ዘንድ ልጁን በቤት ማስተማር የሚያምረው ቤተሰብ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን አሳብ በደፈናው ማውገዝ አይገባም። የወላጅን ቀዳሚነት የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ወላጅ ልጁን ራሱ ማስተማሩን እንዴት ትነቅፋለች? ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ራሱን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? የሚያስተምረው ሰው ለዚህ ሥራ ጊዜና ዕውቀት ያለው አዋቂ ነው ወይስ ከቤቱ ውስጥ «አይሆንም» ማለት የማይችለው ሰው? ሁለተኛ፣ ልጁ እርሱን የማይመስሉትን ሰዎች የሚያገኘው የት ነው? ጓደኛ፣ ተከራካሪ፣ የሌላ ቤትና የሌላ እምነት ልጅ የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋጅቷል ወይ? ሦስተኛ፣ እኛ ስንወጣ የሚቀሩት ምን ይሆናሉ? የሚጠይቁ፣ የሚከታተሉ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ወላጆች ሁሉ ከመንደሩ ትምህርት ቤት ቢወጡ፣ የሚቀረው ትምህርት ቤት ጠያቂ የሌለው አደራ ይሆናል። አሪስቶትል የፈራው ያንኑ ነው፤ የሁሉ የሆነና የማንም ያልሆነ።

ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆችም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። በሩ ተከፈተ ማለት አደራው ተመልሶ ተጣለ ማለት አይደለም። የልጁን ደብተር በሳምንት አንድ ቀን ማየት፣ መምህሩን በስም ማወቅ፣ ከታላቂቱ ልጅ ላይ የቤት ሥራውን መቀነስ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።

ለካቴኪስቶች ደግሞ ነገሩ በእጥፍ ይመለከታቸዋል። የ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ብዙዎች በየቤታቸው ያከበሩት በዓል ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች ሲዘጉ፣ በቤታቸው ጸሎት የለመዱ ልጆች ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ ሃይማኖትን ከሰንበት ክፍል ብቻ የሚያውቁት ግን ክፍሉ ሲዘጋ ምንጩ ደረቀባቸው። የካቴኪስት ሥራ የወላጅን ቦታ መያዝ ሳይሆን ወላጅ ቦታውን እንዲይዝ ማገዝ መሆኑን ያ ጊዜ አሳይቶናል። ያላነበበች እናትም ብትሆን ልጇን ማማተብ ታስተምራለች፤ ይህን ክብሯን ልንወስድባት አይገባም።

በሉቃስ ወንጌል እንደምናነበው ጌታችን በናዝሬት ቤት አደገ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ግን በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ተገኘ። ማርያምና ዮሴፍም እስኪያገኙት ሦስት ቀን ፈለጉት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቤትም መምህራንም ቦታ አላቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈልጉ ወላጆች አሉ። የልጁን መንገድ አብረው ባልሄዱ ጊዜ እንኳ የት እንዳለ መፈለግን አልተዉም። አደራ ማለት ይህ ነው፤ በቤት ያስተማረም ወደ ትምህርት ቤት የላከም የሚጠየቀው ልጁን ስለ መፈለጉ ነው። በተዘጉት ወራት ሌሎችን ስታስተምር የቆየችውን ልጅ «የአንቺስ ትምህርት የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ካልነበረ፣ ዛሬም ቢሆን መጠየቅ አልዘገየም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት በቤታችን ወይም በግቢያችን ልጆችን በእርግጥ ያስተማረው ማን ነበር? ለዚያ ሰው ምን ተመለሰለት?

2. በቤታችን ውስጥ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ለጥናት የሚያገኙት ጊዜ እኩል ነው ወይ? ካልሆነ በዚህ ሳምንት ምን ሊለወጥ ይችላል?

3. በቁምስናችን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመከታተል ምን እርዳታ ያስፈልጋቸዋል? ይህን እርዳታ ለመስጠት ግማሽ ሰዓት ያለው ማን ነው?